የጾም ራስ ምታት በ3,850 ሜትር ላይ

የአክስቴ ልጅ ከሂዩስተን ዴንቨር የገባው ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ሰባት ሰዓት ያህል ነድተን በኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ ያለችው ሲልቨርተን ከተማ አደርን። ዓርብ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ሲናሞን ፓስ በሚባለው የተራራ በር፣ ከመንገዱ ዳር ተንበርክኮ ያስመልስ ነበር። ከባሕር ጠለል ተነስቶ 3,850 ሜትር ላይ ለመድረስ ሁለት ቀን እንኳ አልፈጀበትም። እኔ ነርስ ነኝ፤ ይህን ስሌት መሥራት የነበረብኝም እኔ ነበርኩ። ግን ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነበር። ልጁ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አይቀምስም። ራሱን ለምን እንዳመመው ሁላችንም የምናውቅ መስሎን ነበር።

በሥራ ቦታዬ አንድ ነገር ሲበላሽ፣ ማን አጠፋ ከማለታችን በፊት ምን በስንት ሰዓት እንደሆነ ቁጭ ብለን እንጽፋለን። ይህንንም እንደዚያው ልጻፈው። ኮሎራዶ ያለ ሐበሻ በየክረምቱ እንግዳ ይዞ ተራራ መውጣቱ አይቀርምና።

አራት ነበርን። ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ 63 ዓመታቸው ነው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብረ ብርሃን የኖሩ ሰው፣ እኛ ጋ ከመጡ ገና ሁለት ሳምንታቸው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ የጋሼ እህት ልጅ ነው፤ እሱም ተወልዶ ያደገው እዚያው ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ሂዩስተን ከገባ 12 ዓመት ሆኖታል። ሦስተኛው ትልቅ መኪና የሚነዳ ጓደኛዬ ነው፤ የኮሎራዶን ተራራ በሮች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፣ መኪናውም የእሱ ነበር። አራተኛው እኔ። ጋሼና የአክስቴ ልጅ ይጾሙ ነበር፤ እኔና ጓደኛዬ ከሥጋና ከወተት ከመከልከል ያለፈ ጾም አልነበረንም፣ ጠዋት ቁርሳችንን በልተን ነው የወጣነው። ይህችን ነገር አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ። ሁለት ጾመኞች ነበሩን፣ የታመመው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ሐሙስ ማታ ሬድ ማውንቴን ፓስን ተሻግረን ወደ ሲልቨርተን ስንወርድ የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ነበር። መንገዱ በአንድ በኩል ገደል ነው፣ ብዙ ቦታ መከለያ የለውም። ሊማሊሞን ያየ ሰው ብዙም ባይደነግጥበትም፣ ለሂዩስተን ሜዳ ለለመደ ዓይን ግን ከባድ ነው። «ራሴን ትንሽ ያዘኝ» አለ። «ከመንገዱ ነው» አልነው። ሲልቨርተን 2,840 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ጋር በሜትር እኩል ናቸው። ጋሼ ከመኪናው ሲወርዱ አየሩን ስበው «ይሄማ የቤቴ ብርድ ነው» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የሞቴሉ ባለቤት የት እንደምንሄድ ጠይቃን፣ በዚህ ወር ከሰዓት በኋላ መብረቅ እንደማይጠፋ ነግራን፣ «ከ12 በፊት ከላይ ውረዱ» አለችን። ለጋሼም ያለችውን እንዳለ ተረጎምኩላቸው።

ሌሊቱን የአክስቴ ልጅ አልተኛም። ይገላበጣል፣ እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ ትንፋሹ ለአፍታ ይቆምና በረጅሙ ይመለሳል። ከፍታ ላይ ይህ በጤነኛ ሰውም ይታያል፤ እኔም ይህን ስለማውቅ ጀርባዬን ሰጥቼ ተኛሁ። ጠዋት ራስ ምታቱ ብሶ ነበር። ማስታገሻ ብሰጠው በውኃ መዋጥ ጾም መግደፍ ነው ብሎ እንቢ አለ። ጓደኛዬ «ቡናው ነው» አለ። እውነትም በቀን ሦስት አራት ስኒ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ራሱን ያመዋል። ጾም አለ፣ ቡና የለም፣ እንቅልፍ የለም፣ የሰባት ሰዓት መንገድ አለ። አራት ምክንያት ሞልቶልን አምስተኛውን ማን ይፈልጋል?

አኒማስ ፎርክስ

አኒማስ ፎርክስ ሰው ትቷት የሄደ የድሮ የማዕድን ከተማ ናት፤ ዓርብ ጠዋት የሄድነው ወደዚያ ነው። ከሲልቨርተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ 19 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መንገዱ አብዛኛው ኮረኮንች ነው። ዩሪካ ከምትባለው ሌላ ባዶ የማዕድን ሰፈር በኋላ መንገዱ በከፊል የድሮውን የባቡር ሐዲድ መሠረት ተከትሎ ይወጣል። ኦቶ ሚርስ የተባለው መንገድና ሐዲድ ሠሪ በ1904 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ባቡሩን እስከዚህ ሲያደርስ ዳገቱ ከ7 በመቶ በላይ ነበር። የበረዶ ናዳ እንዳይቀብረው በሐዲዱ ላይ የእንጨት ጣሪያ ቢሠራም ናዳው ጣሪያውን ጠራርጎ ወሰደው።

ከተማዋ 3,400 ሜትር ላይ ናት፤ ዛፍ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው። የመጀመሪያው ጎጆ የቆመው በ1873 ነው፤ በ1883 450 ሰው ይኖርባት ነበር። በ1884 የብርድ ወቅት 23 ቀን ሳያባራ በረዶ ጥሎ ከሰባት ሜትር በላይ ስለተከመረ፣ ሰዎቹ ከቤት ቤት የሚሄዱት በበረዶው ሥር ዋሻ እየፈለፈሉ ነበር ይባላል። ብዙዎቹ ግን ያን ያህል አይደፍሩም ነበር፤ ብርዱ ሊገባ ሲል ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲልቨርተን ይወርዱና ብርዱ ሲያልፍ ይመለሱ ነበር። በ1891 እሳት ብዙ ቤት በላ። ባቡሩ በገባበት ዓመት የተሠራው ጎልድ ፕሪንስ የተባለው ግዙፍ የማዕድን መፍጫ በ1910 ቆመ፣ በ1917 ተነቅሎ ዩሪካ ተወሰደ፤ 1920ዎቹ ሲገቡ ከተማዋ ባዶ ነበረች። ዛሬ ጥቂት የሳንቃ ቤቶች ተጠግነው ቆመዋል። በሩም መስኮቱም ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ ያያል።

ከሁሉ ደህና የቆመው በ1879 የተሠራው የደንከን ቤት ነው። ሳሎኑ ወደ ውጭ የተገፋ ሦስት ጎን ያለው ሰፊ መስኮት አለው። ጋሼ ግድግዳውን በጣታቸው ቆረቆሩ፣ ሳንቃው እንዴት እንደተጋጠመ አዩ፣ ደረጃውን ወጥተው ወረዱ። ብዙ ቆየን። የአክስቴ ልጅ በመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን ከግድግዳው አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። «ተነስ፣ ፎቶ እንነሳ» ስለው አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ። ጉዞው ማብቃት የነበረበት እዚያ ወለል ላይ ነው። ትናንት ማታ የጀመረ ራስ ምታት፣ ያልተኙበት ሌሊት፣ ከሰው መገለል፤ ይህን ሁሉ ይዞ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም። ሕጉ አጭር ነው። ከፍታ ላይ የመጣ ራስ ምታት ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ተብሎ ይያዛል። እኛ ገልብጠን ያዝነው፤ የጾም ነው አልንና የከፍታ መሆኑ እስኪረጋገጥ ጠበቅን።

ከቤቱ በታች የአኒማስ ወንዝ መነሻ ጅረት ይፈሳል፤ ስሙ በስፓኒሽ የነፍሳት ወንዝ እንደማለት ነው። ውኃው ከመጥራቱ የተነሳ ጠጠሩ ይቆጠራል። ጋሼ «ጠበል ይመስላል» አሉ፤ ጓደኛዬም ላስቲኩን ሊሞላ ጎንበስ አለ። አስጣልኩት። በዚህ ተራራ ውስጥ የቀሩት አሮጌ የማዕድን ጉድጓዶች ዛሬም ዚንክና ካድሚየም የመሰለ ብረት ያዘለ ውኃ ያፈሳሉ። ይህ ዓይነቱ ነገር በማፍላት አይጠፋም፤ ተራ ማጣሪያም ጀርምን እንጂ የሟሟ ብረትን አይዝም። በ2015 እ.ኤ.አ. ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ሠራተኞች የጎልድ ኪንግን ጉድጓድ አፍ ሲቆፍሩ የታቆረው ውኃ ፈነዳባቸው። 11 ሚሊዮን ሊትር ያህል ወርዶ አኒማስን እንደ ብርቱካን ጭማቂ አቀለመው። ይህንን ለጋሼ እየነገርኩ አንድ ሩብ ሰዓት አጠፋሁ። ስለ ጅረቱ ያን ያህል የተናገርኩት ሰው አጠገቤ ወለል ላይ ስለተቀመጠው ልጅ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

መንገድ መሆኑ

ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን ወደ ሲናሞን ፓስ በእግር ጉዞ ጀመርን። እስከ በሩ ከ5 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ የሚወጣው ቁመት ወደ 450 ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲታይ የእንጦጦን ዳገት መውጣት ያህል ነው።

ያታለለን መንገድ መሆኑ ይመስለኛል። በ1870ዎቹ ሲልቨርተንን ከተራራው ማዶ ካለችው ከሌክ ሲቲ ከተማ ለማገናኘት ጋሪ እንዲወጣው ተብሎ የተጠረገ ነው፤ ዛሬ ጂፕና ባለ አራት ጎማ ሞተር ይሄድበታል። ሕፃን ያቀፈች እናት ከመኪና መስኮት እጇን እያውለበለበችልህ ስታልፍ፣ ውሻ ምላሱን አውጥቶ ሲያይህ፣ አደገኛ ቦታ ላይ ያለህ አይመስልህም። ቀጭን የእግር መንገድ ቢሆን ኖሮ ሰዓት እንቆጥር፣ ሰማይ እናይ ነበር።

ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እርምጃቸውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ እንደ ቅዳሜ ገበያተኛ ይሄዱ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሠላሳ እርምጃ ይሄድና ይቆማል። ጓደኛዬ ዞር ብሎ «የደብረ ብርሃን ልጅ በከፍታ ይታማል እንዴ!» ሲለው ሳቅን። እኔም ነገሩን በሳይንስ ላጠናክር ብዬ አንድ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ የሰዎቹ ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ቆላ ካለው ሰው ብዙም እንደማይለይ፣ የደማቸው የኦክስጅን መጠንም በአማካይ 95.3 በመቶ እንደሆነ አግኝተዋል። አንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩት ደማቸውን አወፍረው የሚችሉትን ከፍታ የእኛዎቹ በሌላ መንገድ ይችሉታል ማለት ነው። ጥናቱ እውነት ነው፤ እኔ የተጠቀምኩበት መንገድ ግን ስህተት ነበር። የተመረመሩት እዚያው ተወልደው እዚያው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው የደገኛ ዘር ስላለው 12 ዓመት ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ኖሮ በሁለተኛው ቀን ተራራ ይወጣል ማለት አይደለም። ጋሼና የአክስቴ ልጅ የአንድ ቤተሰብ ደም ናቸው፣ አንድ ከተማ ያደጉ፣ ያን ዕለት አንድ ዓይነት ጾም የጾሙ። ልዩነታቸው ያለፉትን ዓመታት የት እንዳደሩ ነው።

ዛፉ አለቀ። ሣር፣ ድንጋይ፣ በጥላ በኩል ደግሞ ያልቀለጠ አሮጌ በረዶ። ከ6 ሰዓት ጀምሮ በምዕራብ በኩል ደመናው እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ ነበር። ልጁ «ትንሽ ልቀመጥ» ባለ ቁጥር ከበሩ የሚወርዱ መኪኖች «ደርሳችኋል!» ይሉናል። የበሩ ምልክት ሰሌዳ ከታየ በኋላ ማን ይመለሳል? ደረስን። 7 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

ፎቶው እስካሁን አለኝ። ሦስታችን ምልክቱን ከብበን እንስቃለን። የአክስቴ ልጅ ካሜራውን አያይም፤ መሬት ላይ ያለ አንድ ድንጋይ ያያል፣ ከንፈሩ የጥቁር ወይን ቀለም ይዟል። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ አስመለሰ። በባዶ ሆዱ ነውና የወጣው ቢጫ ውኃ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ቦርሳዬ ሥር የነበረውን በጣት የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ያወጣሁት። እሱ 77፣ እኔ 85፣ ጋሼ 88። የቀዘቀዘ ጣት መለኪያውን ያሳስታልና በመዳፌ አሙቄ ደገምኩት፤ 78። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሁለት ሦስተኛ ያነሰ ስለሆነ የእኔና የጋሼ ቁጥር የሚጠበቅ ነው። የእሱ አይደለም። ተቀምጦ ትንፋሽ ያጥረው እንደሆነ አየሁ፤ አያጥረውም። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገናኘ በቀጥታ መስመር እንዲሄድ አደረግሁት፤ ቀስ አለ እንጂ አልተንገዳገደም። ቢንገዳገድ ኖሮ ነገሩ አንጎል ደርሷል ማለት ነበር፤ ሳል ይዞ ተቀምጦ ቢያለከልክ ደግሞ ሳንባ። ሁለቱም ሰው ይገድላሉ።

ውኃ ሰጠሁት። እንቢ አለ፤ «ሁለት ሰዓት ነው የቀረው፣ እደርሳለሁ» አለኝ። ከጋሼ ጋር የተያየነው ያኔ ነው። ጋሼ አጠገቡ ቁጢጥ አሉ፤ እሳቸውም ከማታ ጀምሮ አልቀመሱም።

«የታመመ አይጾምም፤ ቄሱም ቢኖሩ ይህንኑ ነው የሚሉህ» አሉት።

«ጋሼ፣ እርስዎም እኮ እየጾሙ ነው።»

«እኔ አልታመምኩማ! ጠጣ። እመቤታችን በደህና ግባ እንጂ እዚህ ውደቅ አላለችህም።»

ጠጣ። ጋሼ ከኪሳቸው የዳቦ ቆሎ አወጡለት፤ እሱን አልቻለም። ብልጭ ሲል መቁጠር ጀመርኩ፤ ነጎድጓዱ የተሰማው ዘጠኝ ስቆጥር ነው፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ። ዙሪያችን ከእኛ የሚረዝም ነገር ምልክቱ ብቻ ነበር። ወዲያው ሽንብራ የሚያህል በረዶ መንገዱን ነጭ አደረገው።

ያታለለን መንገድ ያዳነንም እሱ ነው። ከሌክ ሲቲ በኩል የመጡ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ጂፓቸውን አቆሙ፤ ከኋላ ሁለት ቦታ ነበራቸው። ታማሚና ነርስ መለያየት የለባቸውም። ጋሼ ጋቢውን በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው «ሂዱ፤ በረዶ ዛሬ አላየሁም» አሉ። እሳቸውንና ጓደኛዬን ሌላ መኪና እስኪያነሳቸው የቆየው ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው አሉኝ። ለእኔ ግን ከዚያ ይረዝም ነበር። ሰው በመብረቅ ጊዜ መኪና ውስጥ የሚድነው ጎማው ላስቲክ ስለሆነ ይመስለዋል፤ የሚያድነው የብረቱ አካል ነው፣ ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ወደ መሬት ያወርደዋል። እሳቸው ግን ያን አሥር ደቂቃ በእግራቸው ላይ ነበሩ።

ለመውረድ መውጣት

9 ሰዓት ሳይሞላ ሲልቨርተን ደረስን። አንድ ሺህ ሜትር ወርደናል። ለከፍታ ሕመም ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም። የሌክ ሉዊዝ መለኪያ የሚባል የነጥብ ሰንጠረዥ አለ፤ በበሩ ላይ የነበረበትን ሁኔታ ስሞላው ራስ ምታት 2፣ ማስመለስ 2፣ ድካም 2፣ መፍዘዝ 1 ሆነ። ራስ ምታት ኖሮ 3 የሞላ ሰው የከፍታ ሕመም ይዞታል ይባላል። የእሱ 7 ነበር፣ መካከለኛ የሚባለው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ አሁንም ያከራክረኛል። ሲልቨርተን ራሷ 2,840 ናት። ሆስፒታል ያለው ዱራንጎ ነው፣ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ፤ እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ሞላስ ፓስን በ3,325 ሜትር፣ ቀጥሎ ኮል ባንክን በ3,243 ሜትር መሻገር ግድ ነው። በሰሜን በኩልም ሬድ ማውንቴን አለ፣ 3,358። ከሲልቨርተን በመኪና በየትም ውጣ፣ ለመውረድ መጀመሪያ ትወጣለህ። ጓደኛዬ «በመኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ እንሂድ» አለ። እኔ በየግማሽ ሰዓቱ እየለካሁ ለሁለት ሰዓት እንቆይ፣ ከባሰ አምቡላንስ ከነኦክስጅኑ ይጠራል አልኩ። መለኪያው 86፣ ከዚያ 89 አለ። 11 ሰዓት ላይ ሽሮ ጠየቀ። ሽሮ የለም፤ ሩዝና ምስር አሞቅንለት፣ ሳህኑን ጠረገው። ሌሊት ሁለት ጊዜ ቀስቅሼ ስሙንና ያለንበትን ጠየቅሁት፤ በሁለተኛው ላይ ሰደበኝ፣ ደስ አለኝ። ዛሬ ቢሆንም ይህንኑ የማደርግ ይመስለኛል። ተንገዳግዶ ቢሆን ኖሮ ግን ሳልጠብቅ አምቡላንስ እጠራ ነበር።

በመጀመሪያ ደረጃ እዚያ ባናደርሰው ይሻል ነበር። ከባሕር ጠለል የመጣ ሰው በአንድ ቀን ከ2,800 ሜትር በላይ ወጥቶ ካደረ አደጋው መካከለኛ ከሚባለው ውስጥ ይገባል፤ ከ3,000 በላይ ደግሞ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር ባይጨምር ይመከራል። ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ሁለት ሌሊት፣ መንገድ ላይ ጋኒሰን አንድ ሌሊት አሳድረነው ቢሆን በቂ ነበር። ጊዜ ለሌለው ሰው ደግሞ ሐኪም አስቀድሞ የሚያዝለት አሴታዞላማይድ የተባለ መድኃኒት አለ። ስለ ጾሙም አንድ ነገር ልበል። ሕመሙን ጾሙ አላመጣውም፤ ምልክቱን ሸፈነው፣ ውኃና ማስታገሻም አስከለከለው። ቅዳሜ ወይም እሁድ ብንወጣ ኖሮ እስከ 9 የሚቆየው ጾም ራሱ አይኖርም ነበር። አንድ ቀን ማዘግየት ማንንም አይጎዳም ነበር።

ያን ዕለት ማታ ሞቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ሳለ ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከኢትዮጵያ ይዘውት የመጡት ነው፣ ፊቱ ግን በዴንቨር ተሞልቷል።

«እኔ የምልህ፣ ሴትዮዋ ከ12 በፊት ውረዱ አላለችም?»

«ብላለች።»

«ይኸው ገና አሁን 12 ሊሆን ነው። ከወረድን እኮ ቆየን። ታዲያ መብረቁ ለምን ቀድሞ መጣ?»

የ12ን ነገር ሳስረዳቸው ሻያቸውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ እኮ ስድስት ሰዓት ብትለኝ ደንከን ቤት አንድ ደቂቃ አልቆይም ነበር» አሉኝ።